ሰመረ የደበቀው ሳጥን

ውበቴ በዕብራይስጥ መቀለድ እንደምትችል ባሏ ሰመረ ያወቀው ከተጋቡ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያወቀውም ከአንደበቷ ሰምቶ ሳይሆን ለሌላ ሰው የጻፈችውን አንብቦ ነው።

ሁለቱም የሚሠሩት በእስራኤል፣ ሃይፋ አጠገብ ባለችው ቲራት ካርሜል፣ የኢንዱስትሪው ሰፈር ውስጥ ነበር። ድርጅቱ ለክሊኒኮችና ለአረጋውያን መጦሪያዎች አልጋ፣ ተሽከርካሪ ወንበርና የመተንፈሻ መሣሪያ ያከፋፍላል። ሰመረ የኮምፒውተሮቹ ኃላፊ ነው። ወላጆቹ ከትግራይ ተነሥተው በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ሲመጡ ገና በእናቱ ጀርባ የሚታዘል ልጅ ስለነበር ዕብራይስጡ የአገሬው ነው፤ ትምህርቱንም ወታደርነቱንም እዚሁ ጨርሷል። ውበቴ ግን ከጎንደር የመጣችው ኮረዳ ሆና ነው። እንደ ቤተሰቧ ሁሉ መጀመሪያ የአይሁድን ሃይማኖት ትምህርት ተማረች፤ ከዚያ ኡልፓን የሚባለው የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ገብታ ቋንቋውን ከፊደሉ ጀመረች፤ ሰመረን ስታገባ ሃይፋ፣ ሀዳር ሰፈር ውስጥ ቢሮ ታጸዳ ነበር።

ድርጅቱ ትእዛዝ የሚቀበል ሰው ሲፈልግ ሥራ አስኪያጁን ጌድዮንን ሄዶ የለመነላት ሰመረ ነው። ኪቦርዱ ላይ ጣቶቿን አስቀምጦ ያስተማራትም እሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ መስመር ሜይል ለመጻፍ ወደ እሱ ክፍል እየሮጠች ትመጣና፣ ይህ ቃል በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ ትጠይቀዋለች። እሱም ያርምላታል። ያን ጊዜ ደረቱ ይነፋል፤ ሰው ፊት «ሚስቴ ናት» ማለት ይጣፍጠው ነበር። እየቆየ ግን መምጣቷ ቀረ። እሱም መቅረቷን ልብ ያለው ዘግይቶ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በትእዛዝ ክፍሉ በኩል ሲያልፍ ሳቅ ሰማ። ገባ ብሎ ቢያይ ውበቴ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣለች፤ ኢታማር የሚባለው ሻጭ ከኋላዋ ቆሞ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ኢታማር ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡ፣ እሱ ራሱ ግን ሃይፋ የተወለደ ጎልማሳ ነው። ሰሜኑን ሁሉ በመኪና እየዞረ ይሸጣል፤ ሰው ይወደዋል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ሰመረ ምን እንዳሳቃቸው ጠየቀ። ውበቴ ዓይኗን ጠራርጋ፣ «ተወው፣ የሜይል ነገር ነው» አለችው።

ይህች «ተወው» የምትባል ቃል ሥጋው ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክታ ቀረች። አውቶቡስ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ሀዳር ሲመለሱ አሰባት። እራት ሲበላ አሰባት። ሌላ ሰው ቢሆን አስቦ አስቦ ይተዋት ነበር። ሰመረ ግን ሜይል ሁሉ የሚያልፍበት ማሽን፣ የድርጅቱ የሜይል ሰርቨር ጌታ ነው፤ የሰው ሁሉ የሜይል ሳጥን በእሱ እጅ ይከፈታል፣ በእሱ እጅ ይዘጋል። በማግስቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ብሎ የሚስቱን ሳጥን ከፈተ።

ያገኘው ትእዛዝ ነው። ይህን ያህል አልጋ፣ ይህን ያህል ፍራሽ፣ መቼ ይድረስ፣ ለማን ይድረስ። ኢታማር አፉላ ከተማ ላለ አንድ ክሊኒክ የሄደ አልጋ አንድ እግሩ እንደጎደለ ጽፎላታል። እሷም በመለሰችው ላይ፣ «አትመልሰው። በሦስት እግር አልጋ የሚተኛ በሽተኛ ቶሎ ይድናል» ብላዋለች። ያሳቀቻቸው ይህች ነበረች።

ሰመረ ደጋግሞ አነበባት። ምንም ነውር የለባትም። ነገር ግን እንዲህ የምትናገር ሴት ቤቱ ውስጥ አይቶ አያውቅም። የእሱ ውበቴ ዝምተኛ ናት፤ ልጃቸውን ኦዲያን የቤት ሥራ ታሠራለች፤ ነገ ምን እንደሚገዛ ትጠይቃለች፤ ደክሟት ትተኛለች። ይህችኛዋ ሌላ ናት። ናሃሪያ ላለችው ትእዛዝ ለምታዘገየው ነርስ ሌላ ዓይነት ቀልድ አላት፤ ለመጋዘኑ ሰዎች ሌላ አላት፤ ክርያት አታ ላለችው እህቷ ለማንአለብሽ ደግሞ ሌላ። ለእያንዳንዱ ሰው የምትሰናበትበት ቃል እንኳ የተለየ ነው። ሰመረ በኢታማር ብቻ መቅናቱ ቀርቶ በነርሷም፣ በሹፌሮቹም፣ በእህቷም ቀና። ሁሉም ከሚስቱ ድርሻ ድርሻቸውን ወስደው ለእሱ የደረሰው ድካሟ ብቻ መሰለው።

አንድ ጊዜ ያለው ነገር በየቀኑ ሆነ። የሰው ሳጥን ሲከፍት እንዳይታይ ስለፈራ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። ትርጉም የሌለው ስም የሰጠው ድብቅ ሳጥን ሠራና፣ ለውበቴ የሚመጣውም ከውበቴ የሚወጣውም ሁሉ ግልባጩ ወደዚያ እንዲገባ አዘዘ። የሰርቨሩ መጠባበቂያ ግልባጭ በየምሽቱ ሥራውን በኮንትራት ወደሚከታተል ሌላ ድርጅት ይላካል፤ እዚያም የሳጥኖቹ ስም አንድ በአንድ ይታያል። ስለዚህ ድብቁን ሳጥን ለብቻው ማህደር ሰጠውና ያ ማህደር ከመጠባበቂያው ውጭ እንዲሆን አደረገ። ሥራው ንጹሕ ነበር። በሙያው ኮርቶ ሠራው፤ ምን እየሠራ እንደሆነ ግን ራሱን አልጠየቀም።

ማታ ማታ ይፈትናት ጀመር። ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ ይላታል። «ምንም» ትለዋለች። እሱ ግን ያን ዕለት ነርሷን ምን ብላ እንዳሳቀቻት ያውቃል፤ ኢታማር «አንቺ ባትኖሪ ይህ ቦታ መቃብር ነበር» ብሎ እንደጻፈላት ያውቃል። «ምንም» ስትለው የዋሸችው ያህል አንጀቱ ያርራል። ኦዲያ አባቷ ለምን እንደተቆጣ ሳታውቅ ሳህኗን ይዛ ትነሣለች።

እንዲህ ሆኖ ክረምቱ አለፈ፤ ፀደዩም ተጋመሰ። አንድ እሑድ ጠዋት፣ የሥራው ሳምንት ሲጀምር፣ ሁለቱም ከአውቶቡስ ወርደው ሲገቡ ጌድዮን በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሜይል አይሠራም። ቅዳሜን ጨምሮ የመጣው ትእዛዝ ሁሉ የት እንዳለ አይታወቅም።

ሰመረ ከመጋዘኑ ጎን ወዳለችው ጠባብ የሰርቨር ክፍል ገባ። ማሽኑ በርቷል፤ ግን አይመልስም። አጥፍቶ አስነሣው። ሌላ ጊዜ ቡና ሳይቀዳ የሚነሣው ሰርቨር ያን ዕለት የሚጠብቀውን ሰው ትዕግሥት አስጨርሶ፣ አንድ ሰዓት ያህል በልቶ ተነሣ። ሲነሣም እንደ በሽተኛ ነው፤ ከሜይሉ አገልግሎቶች ግማሾቹ ቆመዋል። አንዱን በእጁ ሊያስነሣ ሲሞክር «አገልግሎቱ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ምላሽ አልሰጠም» የሚል ስህተት ይወጣል። ሌላውን ሲሞክር፣ ያኛው ካልተነሣ እኔ አልነሣም ይለዋል።

ሰመረ የሚያውቀውን ሁሉ በተራ አየ። ሰርቨሩ ሲነሣ የሌሎቹን ማሽኖች አድራሻ የሚጠይቅበትን አየ፤ ደህና ነው። የይለፍ ቃሎቹን አየ፤ ደህና ናቸው። ዓርብ ዕለት የተጫነ ማሻሻያ ስለነበር ጥፋቱ የዚያ ነው ብሎ አወረደው፤ እንደገና አጥፍቶ አስነሣ፤ እንደገና ጠበቀ። ለውጥ የለም። አንድ ነገር ብቻ ሳያይ ቀርቷል፤ እሱም ማንኛውም ጀማሪ ቀድሞ የሚያየው የዲስኩ ቦታ ነው። ልቡ ወደዚያ እንዳይሄድ የያዘው ነገር ነበር።

ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ የትእዛዝ ክፍሉን በመስታወቱ አሻግሮ አየ። ሜይል ስለሌለ ውበቴ ሥራውን ሁሉ በስልክ ይዛዋለች። ቆማ ነው የምትሠራው። አንድ ስልክ በጆሮዋ፣ አንድ በእጇ አለ፤ የመጋዘን ሰዎች ዙሪያዋን ከበው የምትላቸውን ይጠብቃሉ። ኢታማር ያን ዕለት መንገድ አልወጣም፤ የራሱን ስልክ ሰጥቷት አጠገቧ ቆሞ የምትለውን ይጽፍላታል። አንድ የመተንፈሻ መሣሪያ ዕለቱን መድረስ አለበት ተብሎ ሁሉም ተጨንቋል። እሷ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁሉም ሳቁ። ኢታማር እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ አነሣ።

ሰመረ ያቺን እጅ ሲያይ ደሙ ፈላ። ወደ ክፍሉ ተመልሶ በሩን ዘጋ። እሱ የሚስቱን ቃል ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ሳጥን ሲያከማች ከረመ፤ እነዚህ ሰዎች ግን ምንም ሳይደክሙ ፊት ለፊቷ ቆመው ይስቃሉ። ሰርቨሩ ባይበላሽ ኖሮ እንዲህ አጠገቧ ባልተሰበሰቡ ነበር አለ በልቡ። ይህን ሲል ነው እጁ በግድ የዲስኩን ገጽ የከፈተው።

የዲስኩን ቦታ የሚያሳየው መስመር ቀልቷል። ባዶ ቦታ የሚባል አልቀረም።

ያን ጊዜ ሁሉ ነገር ገባው። ሰርቨሩ የሠራውን ሁሉ በትናንሽ ፋይሎች እየመዘገበ ያኖራል፤ እነዚያ ፋይሎች የሚጠረጉት መጠባበቂያ ግልባጭ ሲወሰድ ነው። መጠባበቂያ የማይወሰድለት ማህደር አይጠረግም። ሰመረ ከሰው ዓይን ሊሰውር ከመጠባበቂያው ያስወጣው ማህደር ከክረምት ጀምሮ ሳይጠረግ ሲከማች ኖሯል። ኢታማር የላካቸው ከባድ የዕቃ ፎቶዎች፣ የነርሷ ትእዛዞች፣ የእህቷ ወሬ፣ ሁሉም ተቆልለው ዲስኩን ሞልተውታል። ሰርቨሩ በተነሣ ቁጥር ያን ክምር እንደገና ካላነበበ አይንቀሳቀስም፤ አንብቦ ሲጨርስ ደግሞ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ታንቆ ነበር። ያነቀውም ሰመረ ነው።

ክምሩን ሊደመስስ እጁን ዘርግቶ ሳለ በሩ ተከፈተ። ጌድዮን ሥራውን የሚከታተለውን ድርጅት ጠርቶ ኖሯል፤ የተላከችውም ኣዜብ ነበረች፣ የክርያት አታው የኣፅብሃ ልጅ። የእሷ አባትና የሰመረ አባት አገር ቤት ጎረቤታሞች ነበሩ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ሰላም ብላው ስክሪኑን አየችና፣ «እንዳትነካው። እንዲሁ ብታጠፋቸው ሌላውም ማህደር ላይነሣ ይችላል» አለችው።

ሰመረ እጁን ሰበሰበ። እሱ ራሱ እንደሚጨርሰው፣ ጌድዮን በከንቱ እንዳስቸገራት ሊነግራት ሞከረ። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀምጣ ነበር። የውጭ ዲስክ አገናኘች፤ ክምሩን ሳትደመስስ ወደዚያ ማዛወር ጀመረች። ፋይሎቹ ሲሄዱ የማን እንደሆኑ ማየቷ አይቀርም።

«ይህን ማህደር ማን ሠራው?» አለች።

«እኔ ነኝ። ለሙከራ ነው።»

ኣዜብ ሜይል ወዴት እንደሚላክ ሰርቨሩን የሚያዙትን መመሪያዎች ከፈተችና ወደ ታች ወረደች። እዚያ የውበቴ ስም አለ፤ ከስሟ ጎን የሚገባው ሁሉ የሚወጣው ሁሉ ወዴት እንደሚገለበጥ ተጽፏል። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰመረ፣ ውበቴ ሚስትህ አይደለችም እንዴ?» አለችው።

ሰመረ ዓይኑን ከስክሪኑ ነቀለ።  ፊቱ ሲግል ይሰማዋል፤ መሬት ብትከፈት ይገባ ነበር። ኣዜብም አላፋጠጠችውም። ሰርቨሩን አብረው እንደሚያስነሡት፣ ያየችውን ግን ከሪፖርቷ ውስጥ እንደማታስቀር ነገረችው። ድምፅዋ ውስጥ ፍርድ አልነበረም፤ እንዲያውም ያፈረችው እሷ ትመስል ነበር። «ሪፖርቱን የምልከው ወደ ማታ ነው» አለች። «ውበቴ ከጌድዮን አፍ እንዳትሰማው።»

ክምሩ ተዛወረ። ዲስኩ ተነፈሰ። ኣዜብ የግልባጩን መመሪያ አንሥታ ሰርቨሩን አጥፍታ አስነሣችው፤ አገልግሎቶቹም አንዱ ሌላውን እየጎተተ ተነሡ። በየክፍሉ የሜይል መግቢያ ድምፅ ተንጫጫ። የታመቀው ትእዛዝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈሰሰ። ጌድዮን ኮሪደሩ ላይ ሰመረን አቅፎ፣ ጠዋት ሙሉ ሳይቀመጥ እንደሠራ ለሰው ሁሉ ተናገረ። ውበቴም ከክፍሏ ብቅ ብላ አየችው። ከስንት ጊዜ በኋላ በኩራት ነው ያየችው። አይዞህ እንደ ማለት ራሷን ነቀነቀችለት። ሰመረ ከዚያ አስተያየት ይልቅ ጥፊ ቢቀምስ ይሻለው ነበር።

በሃፍሳካ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ወደ ውጭ ጠራት። ከመጋዘኑ ኋላ ባሕሩ በሩቅ የሚታይበት አጥር ጥግ ቆሙ። ዳቦዋን ይዛ ነው የወጣችው። የሠራውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት፤ ያን ቀን «ተወው» ካለችው ጀምሮ፣ ሳጥኑን፣ ማህደሩን፣ ሰርቨሩ ለምን እንደታነቀ። ሲናገር ባሕሩን ነው የሚያየው። ሲጨርስ ዞሮ አያት። ዳቦው በእጇ ነው፤ አልነከሰችውም።

«ሁሉንም አነበብክ?»

«ሁሉንም።»

«ለማንአለብሽ የጻፍኩትንም?»

«አዎ።»

ለእህቷ ስለ እናታቸው ሕመም የጻፈችው፣ ስለ ጨነገፈባት ፅንስ የጻፈችው አለበት። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ውበቴ ዳቦውን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለችው። «ምን አገኘህ ታዲያ?»

«ምንም።»

«ምንም ካላገኘህ ለምን አልተውክም?»

ሰመረ ይህን ጥያቄ ራሱን ጠይቆ አያውቅም ነበር፤ መልሱ ግን ከአፉ ወጣ። «ለእነሱ የምትጽፈው ሴት እኔ ቤት የለችም። እሷን ለማየት ነበር።»

ውበቴ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ድምፅዋ ግን እሱ የማያውቀው ሆነ። «እሷማ ነበረች» አለች። «እቤት ስቀልድ ቃሌን ታርማለህ። ገና ሳልጨርስ እንዲህ አይባልም ትለኛለህ። ኦዲያ ፊት ታርመኛለህ። እዚህ ሰዎቹ ስህተቴን አልፈው ይስቁልኛል። እኔም ቀልዴን ወደሚስቁልኝ ወሰድኩት። ከማንም ጋር አልሄድኩብህም ሰመረ። ማንበብ ነበረብህ?»

መልስ አልጠበቀችም፤ ወደ ውስጥ ገባች። የቀረውን የሥራ ሰዓት ተቀምጣ ሠራች፤ የመተንፈሻ መሣሪያውም መድረሱን ደውላ አረጋገጠች። ሲወጡ ግን ከሰመረ ጋር ሀዳር የሚያደርሰውን አውቶቡስ አልተሳፈረችም። ኦዲያን ከትምህርት ቤት ወስዳ ክርያት አታ፣ ማንአለብሽ ቤት ገባች።

ጌድዮን ሪፖርቱን አንብቦ ሰመረን በማግስቱ ጠራው። ሰመረ አልካደም። ጌድዮን ለረጅም ጊዜ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ተቀመጠ፤ ሰመረን ይወደው ነበር። ውበቴን ለብቻዋ ጠርቶ፣ ፖሊስ ዘንድ ልትከሰው እንደምትችል፣ ድርጅቱም ከጎኗ እንደሚቆም ነገራት። እሷ የቤቷን ነገር በቤቷ እንደምትጨርስ፣ ሰመረ ግን ያ ማሽን ፊት ዳግመኛ እንዳይቀመጥ መለሰች። ሰመረ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። ሲወጣ ኢታማር በሩን ያዘለት። ወሬውን ሰምቶ እንደሆነ ከፊቱ አይታወቅም። በሩን የያዘበት ደግነቱ ራሱ ሰመረን አቃጠለው። እኔ ስወጣ እሱ ከእሷ ጋር ይውላል እያለ እስከ ሀዳር ተብሰለሰለ።

ባዶ ቤት ውስጥ ቅናት ይሰፋል። ቀድሞ የሚያነበው ነበረው፤ አሁን የሚያነበው ስለሌለ ራሱ ይጽፈው ጀመር። አሁን ምን ብላ እየሳቀች ነው፣ አሁን ማን አጠገቧ ቆሟል እያለ ያልሆነውን ሁሉ አየ። እናቱ ኣሰለፈች መጥታ ስታየው ከስቷል። ነገሩን በትግርኛ አስረድቷት ስትሰማ አዝና፣ በእሷ ዘመን ወንድ ሲቀና ቢያንስ ሰው እያየው እንደሚቀና ነገረችው። ከዚያ ተነሥታ ሽማግሌ ልትፈልግ ሄደች።

ሽማግሌው አባ ያረጋል ነበሩ፤ ለጎንደሮቹም ለትግሬዎቹም የሚያስታርቁ፣ ሁለቱም የሚያምኗቸው ሰው። አንድ ዓርብ ቀትር ማንአለብሽ ሳሎን ተሰበሰቡ። አባ ያረጋል ሜይል ምን እንደሆነ በስም ያውቃሉ እንጂ የሰመረ ጥፋት ምኑ ላይ እንደሆነ ቶሎ አልገባቸውም። ከማንአለብሽ ጠይቀው፣ ከውበቴ ጠይቀው፣ ወደ ሰመረ ዞሩ።

«በር ላይ ቆመህ አዳመጥክ ማለት ነው?»

«ከዚያ የባሰ ነው አባ። የበሩ ዘበኛ እኔ ነበርኩ። እሷም ሌሎቹም እኔን አምነው ነው የሚናገሩት።»

ሽማግሌው በትራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው አሉ፤ ኩበቱ ሲጠፋም ላሟን መክሰስ። ከዚያ ውበቴን ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት። ሁሉም ይማልልኝ፣ ይቅርታ ይጠይቀኝ ትላለች ብለው ጠብቀው ነበር።

«መሐላ አልፈልግም፣ አባ» አለች። «ይቀናል፤ እንዳይቀና ላደርገው አልችልም። ሲቀና ግን ይንገረኝ። ደብቆ ከሚያጠራቅመው በአፉ ያውጣው። ያን የሚችል እንደሆነ ይታየኝ፤ እስከዚያ እዚሁ ነኝ።»

አባ ያረጋል ሰመረን አዩት። ሰመረ መሬት እያየ እሺ አለ። ሽማግሌው እሺ ማለት ቀላል መሆኑን፣ ቅናትን ከአፍ ማውጣት ግን ጥርስን ከማውጣት እንደሚከብድ ነግረውት፣ መርቀው ተነሡ።

በዚያ በጋ ሰመረ ሀዳር ውስጥ የሰው ላፕቶፕ የሚጠግን ሱቅ ገባ። ቅዳሜ ማታ፣ ሰንበት ሲወጣ፣ ክርያት አታ ይሄድና ከኦዲያ ጋር ይቀመጣል፤ ውበቴም ታልፋለች፣ ታገድማለች። ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀናሁ» ያላት በር ላይ ቆሞ ነው። ምላሱ አልታዘዝ ብሎት እንደ ሰካራም ነበር። በማን ብላ ጠየቀችው። በኢታማር አላት። ከዚያም እሱ በር ሲይዝለት የተሰማውን፣ ባዶ ቤት ውስጥ ያያቸውን ያልሆኑ ነገሮች ሁሉ ነገራት። ስትሰማው አላቋረጠችውም። ሲጨርስ፣ ኢታማር ያን ወር ሙሉ ገሊላ ውስጥ መሆኑን፣ ካየችው ሳምንታት ማለፋቸውን ነገረችው። ሰመረ በራሱ አፈረ፤ ግን ቀለለው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከበሩ ገብቶ ተቀመጠ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ውበቴና ኦዲያ ወደ ሀዳር ተመለሱ። ድርጅቱ ውበቴን የሰሜኑ ትእዛዝ ሁሉ ኃላፊ አደረጋት፤ እሷም ደሞዟ ከመጨመሩ ይልቅ የራሷ ክፍል ማግኘቷን ወደደችው። ሰመረ ቆይቶ ከሱቁ ወደ አንድ የሙያ ማሠልጠኛ ተዛወረ፤ ማሽን እየገጣጠመ ያስተምራል፤ የሰው ሜይል የሚከፈትበት ቦታ ግን በራሱ ፈቃድ አይጠጋም።

ቅናቱ አልሞተም። አንዳንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሰላጣ ሲከትፍ፣ እሷ ሳሎን ውስጥ ከናሃሪያዋ ነርስ ጋር ስልክ ይዛ ስትስቅ ይሰማዋል። ቢላውን አስቀምጦ ይወጣና ስልኩን እስክትዘጋ ይቆማል።

«ቀናሁ» ይላታል።

«በነርሷ?» ትላለች።

«በነርሷ።»

ምን ብላ እንዳሳቀቻት አይጠይቅም። አንዳንዴ ትነግረዋለች፤ አንዳንዴ ያ ቀልድ የነርሷ መሆኑን፣ የእሱ ሌላ መሆኑን ትነግረውና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ያን ቀን ሰመረ የቀረውን ሰላጣ ይከትፋል፤ የራሱን ቀልድ ይጠብቃል።